የራዲያተር ውሃ ሲጎድል፦ ደብረ ብርሃን ይሠራ ወይስ አዲስ አበባ ይወሰድ?

መጀመሪያ ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፍ። ጠዋት አረንጓዴ ወይም ሮዝ ጠብታ ካየህ የሚያፈሰው ወደ ውጭ ነው፤ ካርቶኑ ደረቅ ሆኖ መኪናው ነጭ ጭስ ካበዛ ግን ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ጠርጥር።

ደብረ ብርሃን፦ የእጅ ዋጋ ረከስ ይላል፣ አጠገቡ ቆመህም ታያለህ። ለቱቦና ለራዲያተር ክዳን እዚሁ ይበቃል። ክዳኑን አትናቀው፤ ከተማዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፣ ክዳኑ ከላላ ደግሞ ቶሎ ይንተከተካል። «ሞተር እናውርድ» ካሉህ ቀድመው በግፊት ይፈትሹልህ፣ የተቀየረውንም አሮጌ ዕቃ ተቀበል።

አዲስ አበባ፦ የዕቃ ምርጫ አለ። ጣጣው 130 ኪሎ ሜትሩ ነው፤ እያፈሰሰ ከነዳኸው ቴስታታ ይጣመማል፣ ማስጫኑም ኪስ ያራቁታል።

ጠብታ ብቻ ከሆነ እዚሁ ጨርስ። ቴስታታ ከሆነና የምታምነው መካኒክ ከሌለህ አስጭነህ ውሰደው።