ስምንት ወር ከጥይት ፍጥነት መለኪያ ጋር፦ ካርቶኑ የሚለውና ጠመንጃዬ የሚለው

ነገሩ የተጀመረው በክርክር ነው። ሁለታችንም የምንተኩሰው 5.56 ሚሊ ሜትር የሚባለውን የጠመንጃ ጥይት ነው፤ ጓደኛዬ «5.56 እኮ ፈጣን ነው፣ ሌላው ትርፍ ወሬ ነው» ይለኛል። እኔ ደግሞ ራሴን ልከላከልበት ያስቀመጥኩት ጥይት ከጠመንጃዬ በስንት እንደሚወጣ እንኳ አላውቅም ነበር። ክሮኖግራፍ፣ ማለትም የጥይት ፍጥነት መለኪያ፣ ገዛሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ብርሃን የሚያነቡ ሁለት ዓይኖች አሉት። አረሩ በመጀመሪያው በላይ ሲያልፍ መቁጠር ይጀምራል፣ በሁለተኛው በላይ ሲያልፍ ያቆማል።

ባለ 55 ግሬኑ ወታደራዊ ጥይት፣ አረሩ 3.6 ግራም ገደማ ነው፣ በሰከንድ 990 ሜትር ይባልለታል። ይህ ግን በ20 ኢንች በርሜል ነው። በእኔ 16 ኢንች አስር ተኩሼ አማካዩ 943 መጣ። የጓደኛዬ አጭሩ፣ 10.5 ኢንቹ፣ 836። ዝም አለ።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ይህ አረር መዳብ የለበሰ ስለሆነ ጫፉ አይከፈትም። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ይገለበጣል። ፍጥነቱ ከ820 ገደማ በላይ ከሆነ ደግሞ ወገቡ ላይ ባለችው ቦይ ይሰበራል፤ ከዚያ ከወረደ ብዙ ጊዜ ሳይሰበር ያልፋል። በየሜትሩ ፍጥነቱ በአንድ ያህል ስለሚቀንስ፣ የጓደኛዬ ጥይት 16 ሜትር አካባቢ ላይ ድንበሩን ለቀቀ ማለት ነው።

የእርሳስ ጫፍ ያለው አረር ግን ይህን ያህል ፍጥነት አይለምንም። ውሃ የሞሉ ፕላስቲክ ጋሎኖች ደርድሬ ከአጭሩ ጠመንጃ አንዱን ተኮስኩ። ሦስተኛው ጋሎን ውስጥ እንጉዳይ መስሎ አገኘሁት። መለኪያዬ ላይ ወርዱ 11 ሚሊ ሜትር፣ ሲገባ 5.7 ነበር። ውሃ አረርን አጋኖ ይከፍታል፤ ለማወዳደር እንጂ ለመማል አይሆንም። በጣም የሚፈጥን፣ ልብሱ የሳሳ አረር ደግሞ ገና ላይ ላዩን ይበተናል። ፍጥነት ብቻውን ዋስትና የማይሆነው ለዚህ ነው። 7.62 በ39ን፣ የክላሽንኮቭን ጥይት፣ እዩት፣ 715 ገደማ ይሄዳል፤ በትክክለኛው አረር ግን ጥሩ ይከፈታል።

አሁን ወደ ዕቃው እሮሮ። ፀሐይ ሲበረታ ቁጥሩ ይቃዣል፤ ደመናማ ቀን ይሻላል። አፈሙዙ ሥር ካስቀመጡት ፍንዳታው ያሳስተዋል፣ እኔ አራት ሜትር አርቄዋለሁ። በሦስተኛው ወር ከዓይኖቹ በላይ ጥላውን ከሚይዙት ዘንጎች አንዱን ራሴ መታሁት። ማነጣጠሪያው ከበርሜሉ ስድስት ሳንቲ ሜትር ከፍ እንደሚል ረስቼ! በማነጣጠሪያው መነጽር ውስጥ መንገዱ ጥርት ብሎ ይታየኝ ነበር። መለዋወጫው ለየብቻው አይሸጥም፣ ቀጭን እንጨት አስሬበታለሁ፣ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ዛሬ ብገዛ የራዳሩን እመርጣለሁ። ከጎን ስለሚቀመጥ የሚመታ ነገር የለውም።