ማን ጻፈው? ስንት ጊዜ ተጠቀሰ? የጎግል ስኮላር፣ የስኮፐስና የኦፕንአሌክስ ግምገማ

የተመራማሪን ሥራ በቁጥር የሚገልጹ አገልግሎቶች ብዙ ቢሆኑም፣ ለዚህ ግምገማ የመረጥኋቸው ሦስት ናቸው፦ ጎግል ስኮላር፣ ስኮፐስ እና ኦፕንአሌክስ። ሦስቱም አንድን ጥናታዊ ጽሑፍ እነማን እንደጻፉትና በሌሎች ጽሑፎች ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ይነግሩናል፤ ይሁንና ስለ አንድ ሰው ሲጠየቁ ብዙውን ጊዜ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ይሰጣሉ። ስለዚህ በግምገማው ውስጥ ከሁሉ ያስቀደምሁት ጥያቄ፣ የቀረበልንን ቁጥር ከፍተን ከየትኞቹ ጽሑፎች እንደተገኘ ማረጋገጥ እንችላለን ወይስ አንችልም የሚለው ነው። በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ተመሥርቶ ሰው ይቀጠራል፣ የማዕረግ ዕድገት ያገኛል ወይም ይነፈጋል፣ የምርምር ገንዘብም ይመደባል። የገጹ አቀማመጥና የፍለጋው ፍጥነት ከዚህ ጉዳይ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

የነገሩ አመጣጥ ለፍርዱ ስለሚረዳ ባጭሩ ላንሳው። የመረጃ ሳይንስ ሊቁ ዩጂን ጋርፊልድ የሳይቴሽን ኢንዴክስን (የትኛው ጽሑፍ በየትኞቹ ጽሑፎች እንደተጠቀሰ የሚያሳይ ማውጫ) ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1955 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ሲያቀርብ ቀዳሚ ዓላማው ተመራማሪዎችን በደረጃ መደርደር አልነበረም፤ አንባቢው አንድ የቀደመ ጥናት በኋላ ምን ትችት እንደቀረበበት እንዲያውቅና የተሳሳተ ወይም ጊዜው ያለፈበት መረጃ ሳይመረመር እየተጠቀሰ እንዳይቀጥል ነበር። ኢንዴክሱ በ1964 ታትሞ ወጣ፤ የእሱ ወራሽም ዛሬ በክላሪቬት ኩባንያ ሥር ያለው ዌብ ኦፍ ሳይንስ ነው። ስኮፐስና ጎግል ስኮላር ሁለቱም በኅዳር ወር 2004 ብቅ አሉ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ኤች ኢንዴክስን አቀረበ። የመፈለጊያ መሣሪያው ሰውን መመዘኛ ወደ መሆን በፍጥነት የተሸጋገረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ኤች ኢንዴክስ ሲታይ ቀላል ነው። የአንድን ሰው ጽሑፎች ከብዙ ከተጠቀሰው ጀምሮ እንደረድራለን፤ ከዚያም ቢያንስ የተራ ቁጥሩን ያህል ጊዜ የተጠቀሰውን የመጨረሻ ጽሑፍ እንፈልጋለን፤ ኤች ኢንዴክሱ የዚያ ጽሑፍ ተራ ቁጥር ነው። ጽሑፎቹ 40፣ 22፣ 9፣ 5፣ 4፣ 4 እና 1 ጊዜ የተጠቀሱለትን ተመራማሪ እንውሰድ። አራተኛው ጽሑፍ 5 ጊዜ ስለተጠቀሰ መስፈርቱን ያሟላል፤ አምስተኛው ግን የተጠቀሰው 4 ጊዜ ብቻ ስለሆነ ኤች ኢንዴክሱ 4 ላይ ይቆማል። ሌላ አገልግሎት ለዚሁ አምስተኛ ጽሑፍ ከአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ጥቅስ ቢያገኝለት ውጤቱ 5 ይሆናል። የመጀመሪያው ጽሑፍ 40 ጊዜ መጠቀሱ ቀርቶ 4,000 ጊዜ ቢጠቀስ ግን ኤች ኢንዴክሱ ንቅንቅ አይልም። በአንድ ነጥብ ልዩነት ሁለት አመልካቾችን የሚያበላልጥ ኮሚቴ ይህን ስሌት አንድ ጊዜ በእጁ ሠርቶ ቢያየው እመኛለሁ።

ጎግል ስኮላር በስፋቱ የሚደርስበት የለም ማለት ይቻላል። መጻሕፍትን፣ የመመረቂያ ጽሑፎችን፣ የጉባኤ ጽሑፎችንና ገና ያልታተሙ ረቂቆችን በብዙ ቋንቋዎች ያስሳል፤ ክፍያም አይጠይቅም። ጽሑፍ ለመፈለግ እስካሁን የምጀምረው ከእሱ ነው። ለመለኪያነት ሲቀርብ ግን ድክመቱ ይወጣል። የትኞቹን ጆርናሎችና ድረ ገጾች እንደሚሸፍን የሚያሳይ ሙሉ ዝርዝር የለውም፣ መረጃውን በጅምላ አውጥቶ ለመመርመርም በር አልከፈተም። ይህ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ተመራማሪው ሲሪል ላቤ በ2010 አሳይቷል፤ አይክ አንትካሬ የሚባል በእውን የሌለ ሰው ፈጠረ፣ ትርጉም የለሽ ጽሑፎችን በኮምፒውተር ፕሮግራም አዘጋጅቶ እርስ በርሳቸው እንዲጠቃቀሱ አደረገ፣ ድረ ገጽ ላይም አስቀመጣቸው። ጎግል ስኮላርም ለዚህ ሰው ያስቆጠረለት ኤች ኢንዴክስ 94 ነበር።

በጎግል ስኮላር ላይ የአንድ ተመራማሪን የግል ገጽ የሚያስተዳድረውም ባለቤቱ ራሱ ነው። ስሙን የሚመስል ስም ያለበት ጽሑፍ በራሱ እንዲገባ ከፈቀደ የሌላ ሰው ሥራ አብሮ ሊገባ ይችላል፤ ካላስተካከለውም እዚያው ይቆያል። በገጹ ላይ የጸሐፊዎቹ ዝርዝር ሲረዝም የሚታዩት የተወሰኑት ብቻ ሲሆኑ ቀሪው በነጥቦች ይታለፋል። አንድ ሰው በጽሑፉ ውስጥ የነበረውን ቦታ ለማወቅ ለሚፈልግ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ስኮፐስ በተቃራኒው በር ጠባቂ አለው። ጆርናሎችን የሚመርጥ ቦርድ ስላለው የሸፈነው ይታወቃል፣ የተሰረዘውም ይታወቃል። ጸሐፊዎቹ ራሳቸውን የጠቀሱባቸውን ቦታዎች ቀንሶ ማየት ያስችላል፤ ይህ ብቻውን ለብዙ ውሳኔ የሚበቃ ጥቅም ነው። ከሁሉ የማደንቅለት ግን በዘርፍ የተመዘነውን አሃዝ ነው። አንድ ጽሑፍ የተጠቀሰበት ብዛት በተመሳሳይ ዘርፍ፣ በተመሳሳይ ዓመትና በተመሳሳይ ዓይነት ከወጡ ጽሑፎች አማካይ ጋር ይነጻጸርና 1 ከሆነ ከአማካዩ እኩል፣ 1.5 ከሆነ ደግሞ በ50 በመቶ የበለጠ ማለት ይሆናል። የሒሳብ ባለሙያን ከሕክምና ተመራማሪ ጋር በጥሬ ቁጥር ከማወዳደር ይህ ምን ያህል እንደሚሻል መናገር አያስፈልግም። ችግሩ፣ ጥቂት ጽሑፎች ብቻ ላሉት ሰው አንድ እጅግ የተጠቀሰ ጽሑፍ አማካዩን ወደ ላይ አስፈንጥሮ ሌላውን ሁሉ ይሸፍነዋል። አገልግሎቱን በሙሉ ለመጠቀም ተቋም መክፈል አለበት፤ መጻሕፍት ዋና የኅትመት መንገድ በሆኑባቸው እንደ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ባሉ ዘርፎች፣ እንዲሁም ከእንግሊዝኛ ውጭ በሚጻፉ ጥናቶች ላይም ሽፋኑ ሳሳ ያለ ነው።

ኦፕንአሌክስ ታናሽየው ነው። የማይክሮሶፍት አካዳሚክ መረጃ በ2021 መጨረሻ ሲቋረጥ፣ አወርሪሰርች የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ክፍተቱን ለመሙላት በጥር 2022 ከፈተው። መረጃው ያለ ቅጂ መብት ገደብ የተለቀቀ በመሆኑ ማንም ወስዶ ስሌቱን ራሱ ሊደግመው ይችላል። የአንድን ጽሑፍ መዝገብ ስንከፍት እያንዳንዱ ጸሐፊ ለየብቻ ተቀምጦ እናገኘዋለን፤ መጀመሪያ፣ መካከል ወይም መጨረሻ ላይ መሆኑ፣ ተጠሪ ጸሐፊ (ስለ ጽሑፉ ለሚቀርብ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ) መሆን አለመሆኑ፣ በጽሑፉ ላይ የታተመው ስሙ እንዳለ፣ ከዚያም አገልግሎቱ ይህን ስም የማን ነው ብሎ እንደመደበው የሚያሳየው መለያ ቁጥር። የታተመው ስምና የተመደበለት ሰው ጎን ለጎን ስለሚታዩ ስህተቱን ማንም ሊያገኘው ይችላል፤ ስህተትም አለ። የተለመደ ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች በአንድ መለያ ሥር ሲቀላቀሉ፣ ወይም ስሙ ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥ በተለያየ መንገድ የተጻፈበት አንድ ሰው ለሁለት ሲከፈል ይታያል። የሚሠሩበት ተቋም ስም የጎደለባቸው መዝገቦችም ብዙ ናቸው። እንዲያም ሆኖ የሚታይ ስህተት ከማይታይ ስህተት ይሻለኛል፤ ከሦስቱ ቀዳሚውን ቦታ የሰጠሁትም ለዚህ ነው።

የስም መቀላቀልን ከሥሩ የሚያቃልለው ኦርኪድ ነው። ከጥቅምት 2012 ጀምሮ ለተመራማሪዎች በነጻ የሚሰጠው ይህ መለያ 16 አሃዞች ያሉት ሲሆን፣ የመጨረሻው ከቀደሙት 15 ተሰልቶ የሚገኝ መቆጣጠሪያ ስለሆነ በስህተት የተጻፈን መለያ ለመለየት ያግዛል። ማንነትን ይለያል፣ ሥራን አይመዝንም፤ ግን ያለ እሱ የሚደረገው ቆጠራ ሁሉ በግምት ላይ የቆመ ነው።

ሦስቱም አገልግሎቶች ደካማ የሆኑት ጸሐፊነትን በመለካት ላይ ነው። በ2015 በፊዚካል ሪቪው ሌተርስ የወጣው ሂግስ ቦዞን የተባለው ቅንጣት ክብደት ጥናት 5,154 ጸሐፊዎች ነበሩት፤ ከ33ቱ ገጾች 24ቱን የያዘው የጸሐፊዎቹና የተቋሞቻቸው ዝርዝር ነው። በተለመደው ቆጠራ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ ጽሑፍ ይመዘገብላቸዋል። ወደ አነስተኛ ምሳሌ እንምጣ፦ አራት ሰዎች የጻፉት ጽሑፍ 40 ጊዜ ቢጠቀስ በሙሉ ቆጠራ እያንዳንዳቸው 40 ያገኛሉ፣ በጠቅላላው 160 ተቆጠረ ማለት ነው። በእኩል ክፍፍል ግን ለየሰዉ 10 ይደርሰዋል። ተራን በሚያይ ሃርሞኒክ በሚባለው ክፍፍል (ሁለተኛው የመጀመሪያውን ድርሻ ግማሽ፣ ሦስተኛው ሲሶ፣ አራተኛው ሩብ በሚያገኝበት) ደግሞ ለመጀመሪያው 19.2፣ ለሁለተኛው 9.6፣ ለሦስተኛው 6.4፣ ለአራተኛው 4.8 ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን በሒሳብና በኢኮኖሚክስ ስሞች በፊደል ተራ መደርደራቸው የተለመደ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ ቢሠራበት ሰውን በስሙ የመጀመሪያ ፊደል መሸለም ይሆናል። በብዙ የቤተ ሙከራ ዘርፎች ደግሞ የመጨረሻው ስም የምርምሩ መሪ ስለሆነ ትንሹን ድርሻ የሚያገኘው እሱ ነው።

ለዚህ የተሻለው መንገድ ማን ምን እንደሠራ በጽሑፉ ላይ መግለጽ ነው። ክሬዲት የሚባለው ሥርዓት 14 የሥራ ድርሻዎችን ዘርዝሯል፤ ሐሳቡን ማመንጨት፣ መረጃ መሰብሰብና መተንተን፣ ሶፍትዌር መሥራት፣ ገንዘብ ማፈላለግ፣ ረቂቁን መጻፍና የመሳሰሉት ይገኙበታል። በርካታ ጆርናሎች ይህን መግለጫ ያትማሉ። በሦስቱ አገልግሎቶች የግል ገጽ ላይ የሚታየው ኤች ኢንዴክስ ግን አንዱንም ድርሻ አያውቀውም፤ ሙከራውን ሌት ተቀን የሠራውንና ገንዘቡን ያስገኘውን እኩል ይቆጥራል። ሦስቱም ቀድመው ሊያስተካክሉት የሚገባ ጉድለት ይህ ይመስለኛል።

ስለ ኢምፓክት ፋክተር ብዙ አልልም። ጆርናሉ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳይ የጆርናል መለኪያ ነው፤ ስለ አንድ ጸሐፊ የሚናገረው የለም፣ የምርምር ምዘና እንዲሻሻል የሚጠይቀው፣ በ2013 የወጣው የዶራ መግለጫም ተመራማሪን ለመመዘን እንዳይውል በግልጽ ጠይቋል።

አገልግሎት ለመምረጥ ለሚፈልግ ምክሬ እንዲህ ነው። ጽሑፍ ለመፈለግ ጎግል ስኮላር፣ ዘርፍ ተሻግሮ ለማነጻጸርና ተቋሙ ከከፈለ ስኮፐስ፣ የሰው ዕድል የሚወሰንበት ጉዳይ ሲሆን ግን ኦፕንአሌክስን ከተመራማሪው የራሱ የሥራ ዝርዝር ጋር አመሳክሮ መጠቀም ይሻላል። ውጤቱ በሪፖርት ሲገባም የአገልግሎቱ ስም፣ መረጃው የተወሰደበት ቀን፣ ራስን መጥቀስ መቀነስ አለመቀነሱና ቆጠራው ሙሉ ወይስ ክፍልፋይ መሆኑ ከቁጥሩ አጠገብ ይጻፍ፤ ገጹም ከመላኩ በፊት ለተመራማሪው ቀርቦ የእሱ ያልሆነ ጽሑፍ ካለበት እንዲያስወጣ ጊዜ ይሰጠው።