ሂማላያን 411፦ ፈረሱ ጥቂት ነው፣ ግን ዳገት ያውቃል

ሞተረኞች ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው፤ «ስንት ፈረስ አለው?» የኢንጂኑ ጉልበት ምን ያህል ነው ማለታቸው ነው። የህንዱ ሮያል ኤንፊልድ የሚሠራው የሂማላያን ሞተር ባለቤት እዚህ ጋ ጉሮሮውን ይጠርጋል። መልሱ 24 ተኩል ገደማ ነዋ። 411 ሲሲ (የኢንጂኑ መጠን ነው) ይዞ 24 ተኩል! ከእሱ ያነሰ ሲሲ ይዘው ከ40 በላይ የሚያወጡ አሉ። የቁጥር ፉክክር ከሆነ ወሬው እዚያው ያልቃል፣ ሂማላያን ተሸንፏል። ሆኖም አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ዘና ብሎ የሚሄደው እሱ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ኢንጂኑ አንድ ሲሊንደር ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 78 ሚሊ ሜትር ሲሆን ፒስተኑ የሚመላለሰው ግን 86 ሚሊ ሜትር ነው። እንዲህ ርዝመቱ ከስፋቱ የሚበልጥ ኢንጂን በከፍተኛ ዙር መጮህ አይወድም፣ ከታች ጀምሮ ግን ይጎትታል። 32 ኒውተን ሜትር ቶርኩን (የመጎተት ኃይሉን) የሚያገኘው በደቂቃ ከ4,000 እስከ 4,500 ዙር አካባቢ ነው። በወረቀት ላይ ደረቅ ቁጥር ይመስላል። ድንጋያማ ዳገት ላይ ግን ትርጉሙ ይገባችኋል፤ ሁለተኛ ማርሽ ታስገባላችሁ፣ ፍሪሲዮኑን ትለቃላችሁ፣ ጋዙን ብዙም ሳትጨምሩ ዱግ ዱግ እያለ ይወጣላችኋል። ዙሩ በጣም ወርዶ «አሁን ጠፋ» ስትሉ እንኳ አንድ ሁለት ጊዜ ነቅነቅ ብሎ ይቀጥላል። ዙር የሚወድ ሞተር እዚያ ቦታ ላይ ወይ ይጠፋባችኋል፣ ወይ የኋላ ጎማውን አሽከርክሮ ጠጠር ይረጫል።

ሞተሩ ገበያ የወጣው በ2016 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። መጀመሪያ ህንድ ውስጥ ሲሸጥ ነዳጁን ከአየር የሚቀላቅልለት ካርቡራተር ነበር፣ በ2017 ነዳጁን በኤሌክትሮኒክስ እየመጠነ የሚረጭ ኢንጄክሽን ገባለት። ፍሬሙን የሠራው ሃሪስ ፐርፎርማንስ ነው፤ ለእሽቅድምድም ሞተሮች ፍሬም ሲሠራ የኖረ የእንግሊዝ ድርጅት ነው፣ ሮያል ኤንፊልድ በ2015 ገዛው። ይህንን የማነሳው ለወግ ያህል አይደለም። ቆማችሁ ስትነዱት ልዩነቱ ይታወቃል። እግራችሁን ማሳረፊያው ላይ አድርጋችሁ ብድግ ስትሉ መሪው እጃችሁ ላይ ይመጣል፣ መጎንበስ የለም። ጉልበታችሁ ሰልባትዮውን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። የፊት ጎማው 21 ኢንች ስለሆነ ድንጋይ ሲያገኝ ይወጣበታል እንጂ አይጋጭም፣ የኋላው 17 ነው። የፊት አሞርዛተሩ 200 ሚሊ ሜትር፣ የኋላው 180 ይሄዳል። ከመሬት ያለው ክፍተት 220 ሚሊ ሜትር ነው፣ ስር ደግሞ መከላከያ ብረት አለ።

ሌላው የሚወደድበት ነገር መቀመጫው ነው፤ ከመሬት 800 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ ይሄ ዝቅተኛ ነው። ቁመታችን አጠር ያልን ሰዎች ረጃጅሞቹ ሞተሮች ላይ ስንወጣ በአንድ እግር ጫፍ ቆመን የምንጸልየውን ጸሎት እናውቀዋለን። እዚህ ሁለቱም እግር ይደርሳል።

አሁን ወደ ክብደቱ። ነዳጅ ሞልታችሁ ወደ 200 ኪሎ ይጠጋል። ሲሄድ አይታወቅም፣ ሲወድቅ ነው የሚታወቀው። አሸዋ ላይ ወይም ጭቃ ላይ ደግሞ መውደቁ አይቀርም፣ የማይወድቅ ሞተረኛ የለም። ስለዚህ አነሳሱን ከመንገዱ በፊት ተማሩት። መጀመሪያ ኢንጂኑን አጥፉ፣ እንዳይንሸራተት ማርሽ ውስጥ ይሁን። የወደቀው በቀኝ ጎኑ ከሆነ የጎን ማቆሚያውን አስቀድማችሁ አውጡት፣ አለበለዚያ አንስታችሁት በዚያኛው በኩል ትጥሉታላችሁ። ከዚያ ጀርባችሁን ለመቀመጫው ስጡ፣ አንድ እጅ መሪውን፣ አንድ እጅ ከኋላ ያለውን ብረት ይያዝ፣ ጉልበታችሁን እጠፉና በትናንሽ እርምጃ ወደኋላ እየገፋችሁ ውጡ። የሚያነሳው እግር ነው። በወገብ ልታነሱት ከሞከራችሁ ወገባችሁ ለሳምንት ያስታውሳችኋል።

አስፋልት ላይስ? ከ90 እስከ 100 ድረስ ደስ ይላል፣ የፊት መስታወቱም ንፋሱን ከደረት ያስቀራል። ከ110 በላይ ግን ኢንጂኑ መንገሽገሽ ይጀምራል። ስድስተኛ ማርሽ የለውም፣ አምስት ብቻ ነው፣ እና ግራ እግራችሁ የሌለውን ማርሽ ይፈልጋል። ረጅም መኪና ለመቅደም ስትነሱ ቀድማችሁ አስቡበት፤ ማርሽ ቀንሱ፣ ከፊት ያለው መንገድ ረጅምና ባዶ መሆኑን እዩ፣ ከዚያ ሂዱ። ጀርባችሁ ላይ ሰው ካለና ሻንጣ ከተጫነ ደግሞ ይቅርባችሁ። ቀኑን ሙሉ ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ የምትውሉ ከሆነ ይህ ሞተር የእናንተ አይደለም፤ በግልጽ ነው የምለው።

ፍሬኑ እኔ እንደምወደው ስል አይደለም። የፊት ዲስኩ 300 ሚሊ ሜትር ነው፣ መጠኑ አያንስም፣ ነገር ግን በአንድ ጣት ነክተህ የምታቆመው ዓይነት አይደለም፣ ጠበቅ አድርጎ መያዝ ይፈልጋል። ኮረኮንች ላይ ይሄ ጠባይ ይጠቅማል፣ የፊት ጎማው በድንገት አይቆለፍም። ከ2020 ወዲህ በተሠሩት ላይ የኋላውን ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለውን) ማጥፋት ይቻላል፣ ልቅ ጠጠር ቁልቁለት ላይ አጥፉት።

ዳሽቦርዱ ላይ ኮምፓስ አለች። አዎ፣ ሰሜንና ደቡብ የምታሳይ። ያያት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እሷ ነው። ለጌጥ ቆንጆ ናት፣ እሷን ተማምኖ ጫካ መግባት ግን አልመክርም።

ጎማው ራጂ ባለው ቸርኬ ላይ ነው፣ ውስጡም ካላማዳሪያ አለው። ይሄ አንዳንዱን ያናድዳል። ያለ ካላማዳሪያ የሚሠራ ጎማ ሲበሳ ባለበት ትደፍኑትና ትሄዳላችሁ፣ እዚህ ጎማውን ማውለቅ የግድ ነው። ደግነቱ የመሃል ማቆሚያ አብሮት ይመጣል፤ የኋላው ጎማ አየር ላይ ሆኖ ብሎኑን ፈትታችሁ፣ ሰንሰለቱን አውልቃችሁ ታወጡታላችሁ። ሰንሰለት ዘይት ለመቀባትም ይሄ ማቆሚያ በረከት ነው። ከሞተረኞች የተማርኳት አንዲት ዘዴ አለች፤ ቦታ ከጠበባችሁ የፊቱን የ21 ካላማዳሪያ ብቻ ያዙ። ሲቸግር ለኋላውም ሸብሸብ አድርጋችሁ ታስገቡታላችሁ፣ እስከ ጎማ ቤት ያደርሳል። ከዚያ ግን ቶሎ ይቀየር።

ጥገናው ቀላል ነው። የሚቀዘቅዘው በአየርና በዘይት ነው፣ ውሃና ራዲያተር የለውም፣ ስለዚህ ድንጋይ የሚበሳው ራዲያተርም የለም። ቫልቮቹ (አየር የሚያስገቡትና ጭስ የሚያስወጡት ክዳኖች) አራት ሳይሆኑ ሁለት ብቻ ናቸው፣ የሚስተካከሉትም በብሎን ነው። ትዕግስት ያለው ሰው እቤቱ ይሠራዋል። ሰልባትዮው 15 ሊትር ይይዛል፣ በሊትር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሄድ አንዴ ከሞላችሁ ከ400 ኪሎ ሜትር ቀድማችሁ ማደያ አትፈልጉም።

በ2023 መጨረሻ አዲሱ ሂማላያን 450 መጣ። 452 ሲሲ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ 40 ፈረስ፣ ስድስት ማርሽ፣ 17 ሊትር፣ ካርታ የሚያሳይ ክብ ስክሪን። በሁሉም ነገር የተሻለ ነው ብሎ መደምደም ይቀላል፣ አስፋልት ላይማ ምንም ክርክር የለውም። 40 ኒውተን ሜትሩን የሚያገኘው ግን 5,500 ዙር ላይ ነው። ማለትም ዙር ይፈልጋል። የድሮውን ዱግ ዱግ የለመደ ሰው ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑን ደጋግሞ ሲነካ ራሱን ያገኘዋል። መቀመጫውም ከፍ ብሏል፣ 825 ነው። ምርጫው የመንገዳችሁ ጉዳይ ነው፤ መንገዱ ግማሽ በግማሽ ከሆነ አዲሱን እላለሁ። አብዛኛው ጥርጊያ ከሆነና ካልቸኮላችሁ 411ን ያገለገለ ፈልጉ።

ያገለገለ ስትገዙ ኢንጂኑ ቀዝቅዞ ሳለ ሂዱ። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። የመሃል ማቆሚያው ላይ አቁሙት፣ አንድ ሰው ከኋላ ይጫነውና የፊት ጎማው ከመሬት ይነሳ። መሪውን ቀስ ብላችሁ ከግራ ወደ ቀኝ አዙሩት፤ መሃል ላይ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ነገር ካለ የመሪው ኩሽኔታ አልቋል፣ ዋጋ አስቀንሱበት። ራጂዎቹን በቁልፍ አንድ በአንድ ኳ ኳ አድርጉ፣ ድምፁ የደነዘዘው የላላ ነው። ከስር መከላከያ ብረቱን ተመልከቱ፤ መቧጨሩ ያለ ነው፣ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ከሆነ ግን ከላዩ ያለውን የኢንጂን ሆድ በባትሪ አብርታችሁ ሳታዩ ገንዘብ እንዳታወጡ።