ዝግጁ የኦይስተር እንጉዳይ ከረጢት፦ ዘሩ ደህና ነው፣ መመሪያው ግን ያሳስታል

ለቤት ማብቀያ የሚሸጠው ከረጢት 2 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ውስጡ በእንፋሎት የተቀቀለ የጥጥ ፍሬ ልጣጭና የስንዴ ጭድ ነው፤ በመሃል በመሃሉ ዘሩ ያደገበት የማሽላ ፍሬ ይታያል። በይዘቱ ቅር የሚያሰኝ ነገር አላገኘንም። ችግሩ አብራው የምትመጣው ወረቀት ናት። እንጉዳይን እንደ ጎመን ችግኝ ትቆጥረዋለች።

«በየቀኑ ውሃ አጠጡ» ትላለች። ጭዱን ያለበሰው ነጭ ነገር ግን ሥር ሳይሆን ራሱ ፈንገሱ ነው፦ ሃይፋ የሚባሉ ረቂቅ ክሮች ተሳስረው የሠሩት ማይሲሊየም። ክሮቹ ኢንዛይም ወደ ውጭ እያመነጩ ጭዱን ባለበት ያሟሙትና የሟሟውን ካይቲን ከሚባል ጠንካራ ነገር በተሠራው ግድግዳቸው በኩል ይመጥጡታል። የሚበቃቸው ውሃ ጭዱ ሲዘጋጅ ገብቷል። ከላይ ሲጨመርበት ከታች ይጠራቀማል፣ አየር ይታፈናል፣ ባክቴሪያ ይገባል፤ የኮመጠጠ ሽታ የሚመጣው ያኔ ነው። መርጠብ ያለበት በተቀደደው አፍ ዙሪያ ያለው አየር ነው፤ እርጥበቱ ከ85 እስከ 90 በመቶ ይሁን። በስሱ በሚረጭ ጠርሙስ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ መርጨት ነው፤ በአዲስ አበባ በጋ ግን ይህም ላይበቃ ይችላል።

«ጨለማ ውስጥ አስቀምጡ» የሚለው ምክር ክሩ ጭዱን እስኪያለብስ ድረስ አይጎዳም (ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል)። ከዚያ በኋላ ግን ጉዳት ነው። እንጉዳይ ክሎሮፊል ስለሌለው ብርሃንን አይመገብም፤ ኮፍያውን በአግባቡ እንዲሠራ ምልክት ይሆነዋል እንጂ። ደግሞም እንደኛው ኦክስጅን ስቦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። በተዘጋ ቁምሳጥን ውስጥ ይህ አየር ሲጠራቀም እግሩ ይረዝማል፣ ኮፍያው ሳንቲም አክሎ ይቀራል። ብዙ ገዢ ዘሩን ይረግማል፤ መስኮት መክፈት ይበቃ ነበር። ቀጥተኛ ፀሐይ ግን አይንካው።

ላስቲኩን በንጹሕ ምላጭ 2 ቦታ ብቻ፣ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ቅደዱ። ቀዳዳ ማብዛት ጭዱን ያደርቃል እንጂ ምርት አይጨምርም።

ስትገዙ ከላይ እስከ ታች የነጣውን ምረጡ። ጥቂት ቢጫ ፈሳሽ አያስፈራም። አረንጓዴ ካያችሁ ግን ብዙውን ጊዜ ትራይኮደርማ የሚባል ሻጋታ ነው። መጀመሪያ እሱም ነጭ ስለሆነ ያታልላል፤ አረንጓዴው ስፖሩ (ፈንገስ የሚራባበት ረቂቅ ብናኝ) ነው፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ አትክፈቱት። ሻጩ ዘሩ የገባበትን ቀን አለመጻፉ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ያረጀውን ከአዲሱ መለየት አይቻልም።

የኮፍያው ጠርዝ ወደ ላይ ከመገልበጡ በፊት እቅፉን በሙሉ ጠምዝዛችሁ ንቀሉ። ከዘገያችሁ ከኮፍያው ሥር ስፖር እንደ ነጭ ዱቄት ይረግፋል፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሳንባ ያስቆጣል። ሁለተኛው ምርት በ2 ሳምንት ገደማ ይደርሳል፤ ከመጀመሪያው ያንሳል። ሦስተኛውን መጠበቅ ብዙም አያዋጣም፤ ጭዱን ጓሮ ላይ በትኑት።