የሥዕል ካርድ ወይስ ካታሎግ? የድሮ ፓሪስ ሕፃናት አለባበስ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የፓሪስ ሕፃናት ምን ይለብሱ ነበር? ይህን ማየት ለሚፈልግ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ እንደ ቦን ማርሼ ያሉ ትልልቅ መደብሮች ለልጆች በነፃ ያድሉት የነበረው ባለቀለም የሥዕል ካርድ ነው። ሌላው የመደብሮቹ ካታሎግ ነው።

ካርዱ ዓይን ይስባል። ቀለሙ ደማቅ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ወርቃማ ቀለም ሁሉ አለ። ግን ጉልበቱን አፈር የነካው ልጅ ብዙም አታዩበትም።

ካታሎጉ በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው፤ እኔ ግን እሱን እመርጣለሁ። የመርከበኛ ልብሱን ብቻ እንኳ ተመልከቱ። አራት ማዕዘን ኮሌታው ከኋላ ትከሻ ላይ ተዘርግቷል፤ ጠርዙን ነጭ ጥብጣብ ይዞራል፤ ደረቱ ላይ ክራቫቱ ተቋጥሯል። (ፋሽኑ የመጣው ከእንግሊዝ ነው። የንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ በ1846 እ.ኤ.አ. በዚህ ልብስ ከተሣለ በኋላ ነው የተስፋፋው።) ከሥሩ ደግሞ የጨርቁ ዓይነት፣ የልጁ ዕድሜና ዋጋው በፍራንክ ይጻፋል። ከፓሪስ ርቃ የምትኖር እናት ይህን አንብባ በፖስታ ታዝ ነበር።

በዚያ ዘመን ትንንሽ ወንዶችም ቀሚስ ይለብሱ ነበር። ስለዚህ ካርዱ ላይ ያለው ሕፃን ሴት ይሁን ወንድ መለየት ይቸግራል። ካታሎጉ ግን «ለወንድ ልጅ» ብሎ ይነግራችኋል።