ለትንሽ የካምፕ ተሳቢ የትኛው ሶላር ይሻላል? ጣሪያ ላይ የሚታሰረው ወይስ በሶኬት የሚሰካው?

እዚህ ቨርጂኒያ ትንንሽ ተሳቢ ገዝተው ከቤተሰባቸው ጋር ካምፕ መውጣት የጀመሩ ጓደኞቼ ሁሉ ደውለው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። መልሴ አንድ ነው፤ መሬት ላይ ቆሞ በገመድ ከተሳቢው ሶኬት ጋር የሚሰካውን ግዙ፤ እሱም ቢሆን ጨርቅ የለበሰው ሳይሆን መስታወትና የአሉሚኒየም ፍሬም ኖሮት እንደ ሻንጣ የሚታጠፈው ይሁን።

የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ የካምፕ ሥፍራዎች ለተሳቢ የሚሆን የኤሌክትሪክ መስመር የላቸውም፤ ዛፋቸው ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ነው። በሐምሌ ሙቀት ተሳቢውን ጥላ ሥር የማያቆም ሰው የለም፤ ጣሪያው ላይ የታሰረው ሶላር ግን አብሮ ጥላ ውስጥ ይውላል፤ የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ እንኳ ቢያርፍበት ኃይሉ ክፉኛ ይወርዳል። የሚሰካውን ግን አሥር ሜትር ገመድ ዘርግቼ ሜዳው ላይ አቆመውና ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር አዞረዋለሁ።

ወደ ዋጋው ልግባ። ለጣሪያ ሁለት ባለ 100 ዋት ፓነል 150 ዶላር፣ ቻርጅ ኮንትሮለሩ (ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው ዕቃ) 120፣ ማሠሪያው፣ ገመዱና ማሸጊያው 60፣ የእጅ ዋጋ 450፣ በድምሩ 780 ዶላር ተጠየቅሁ። ባለ 200 ዋቱን ተጣጣፊ በ240፣ ወፍራሙን ገመድ በ45፣ ሶኬቱንና ፊውዙን በ30 ገዝቼ ራሴ ገጠምሁት፤ 315 ዶላር ብቻ ወጣብኝ፤ ኮንትሮለሩ ቀድሞውኑ ተሳቢው ውስጥ ነበረ። ጣሪያው ላይም ውሃ የሚያስገባ ቀዳዳ አልበሳሁም።

ከዚያ በፊት ግን ተሳስቼ ነበር። «400 ዋት» የተባለ ጨርቅ ለበስ ፓነል በ189 ዶላር ገዛሁ። ሴሎቹ ያረፉበትን ስፋት ስለካው አንድ ካሬ ሜትር እንኳ አልሞላም። ጠራራ ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያሳርፈው ወደ 1000 ዋት ነው፤ ጥሩ ፓነል ከዚህ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው አንድ አምስተኛውን ወይም ጥቂት ከፍ ያለውን ብቻ ስለሆነ፣ ያ ዕቃ በምንም መንገድ 400 ዋት ሊሰጥ አይችልም። እኩለ ቀን ላይ ያየሁበት ከፍተኛው 118 ዋት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ጭራሹን ሲያቆም ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ሳጥን ከፈትሁ፤ የብየዳው እርሳስ ተሰነጣጥቆ ገመዱ በሦስት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች ብቻ ተንጠልጥሏል። ጠጋኙ 100 ዶላር ስለጠየቀኝ ጣልሁት። በባለ መስታወቱ ፓነል ላይ ግን እስካሁን የተበላሸው አንድ ማያያዣ ብቻ ነው፤ በ8 ዶላር ገዝቼ በራሴ እጅ ቀየርሁት።

ባለ 200 ዋቱ በጥሩ ቀን 150 ዋት ያህል ለአምስት ሰዓት ይሰጠኛል፤ በቀን 500 ዋት ሰዓት ገደማ ለሚበላው ማቀዝቀዣዬ፣ ለመብራትና ለስልክ ይበቃል። በየቀኑ ቦታ የሚቀይርና ገላጣ ሜዳ ላይ ብቻ የሚያድር ሰው ግን ማውጣትና ማስገባቱ ስለሚያደክመው ጣሪያውን ቢመርጥ አልቃወመውም። ስርቆትም ያሰጋል፤ እኔ ማታ ማታ ከተሳቢው መጎተቻ ጋር በሰንሰለት እቆልፈዋለሁ።

ተሳቢያችሁ ውስጥ ኮንትሮለር ካለ ፓነሉን ያለ ኮንትሮለር ግዙ፤ ሁለቱ በተከታታይ ሲገቡ በትክክል አይሠሩም። አንዳንድ ተሳቢዎች ከፋብሪካ ሲወጡ የሶኬታቸው ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ከተለመደው ተገላብጦ ስለሚመጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሰካታችሁ በፊት ሁለቱንም ጫፍ በቴስተር ለኩ፤ ተገላብጦ ካገኛችሁት መገልበጫዋ ማያያዣ ከጥቂት ዶላር አትበልጥም።