ልጅን ሥራ ማስለመድ፦ የጅማ ቡና ለቀማና የጃፓን ክፍል ጽዳት

በጅማ ዙሪያ ቡናው ሲቀላ ልጆችም ቅርጫት ይዘው ከወላጆቻቸው ጋር ማሳ ይወርዳሉ። ቀዩን ለቅሞ አረንጓዴውን ለሚቀጥለው ዙር መተው፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ጀንፈል (ከነገለባው የሚደርቀውን ቡና) ማገላበጥ፣ ደመና ሲመጣ ሮጦ መሸፈን፤ ሁሉንም የሚማሩት እዚያው ነው። ያልቀላ ቡና ከተቀላቀለ ዋጋው እንደሚወርድ ልጁ በዓይኑ ያያል፤ ደብተሩና ጫማው ከዚያው ገንዘብ ነውና። ሥራን ከኑሮ ጋር እንዲህ የሚያስተሳስር ትምህርት ቤት አላውቅም።

በጃፓን ተማሪዎች ክፍላቸውንና ኮሪደሩን፣ ብዙ ጊዜም መጸዳጃ ቤቱን በተራ ያጸዳሉ። በአንደኛ ደረጃ ምሳ የሚያድሉትም ራሳቸው ናቸው። ገንዘብ የለበትም። የሀብታሙም የድሃውም፣ ወንዱም ሴቷም እኩል ይወለውላሉ፤ እኔን የሚማርከኝ ይህ ነው። እኛ ዘንድ በብዙ ቤት መጥረጊያው አሁንም የሴት ልጅ ብቻ ነው።

የጃፓኑ ጽዳት የትምህርት ሰዓት አይሻማም። የእኛው ለቀማው ሲበረታ ልጅን ከክፍል ያስቀራል፣ ይህም ያሳስበኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ በቤተሰብ ማሳ ላይ ግን ልኩን የሚወስነው ወላጅ ነው። ስለዚህ ለቀማውን ለቅዳሜ፣ የጃፓኑን ጽዳት ለሌላው ቀን እመርጣለሁ፤ ወንድ ልጅም መጥረጊያ ይያዝ።